ደብረ ብርሃን ኳስ ሜዳ አጠገብ በርገር ቤት ብከፍት ያዋጣኛል?

የጠባሴው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

አክስቴ ከኳስ ሜዳው ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር፣ አንዲት ክፍል አለቻት። እስካሁን ለፀጉር ቤት አከራይታው ነበር፤ ተከራዩ ለቀቀ። «ከፈለግህ አንተ ሥራበት፣ ኪራዩን ቀስ ብለህ ትከፍለኛለህ» አለችኝ። እኔ አዲስ አበባ አንድ ካፌ ውስጥ ማብሰያ ቤት ሠርቻለሁ። በርገር ላይ እጄ ጥሩ ነው።

ሐሳቤ ይኼ ነው። ጨዋታ ባለ ቀን ሰው እንደ ጉድ ይጎርፋል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲወጣ የተጠበሰ ሥጋ ቢሸተው ዝም ብሎ ያልፋል? አሜሪካ ስታዲየም አጠገብ ያሉ በርገር ቤቶችን በቪዲዮ አይቼ ሰልፉ አስቀንቶኛል።

አባቴን ሳማክረው «ሥጋ ዳቦ ውስጥ ደብቀህ ነው ሰው የምታበላው?» ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ሁዳዴ ሲገባስ?» መልስ አጣሁላት።

በሥራው ያለፋችሁ ወይም ከተማውን በደንብ የምታውቁ፣ እስቲ አንድ በሉኝ። ያዋጣል?

ቆሎ ተራ፦

ወንድሜ፣ ባትነካው ይሻልሃል። ደብረ ብርሃን ኳስ የሚያይ ሰው ቆሎና ለውዝ ነው የሚቆረጥመው። ዘጠና ደቂቃ በዚያ ብርድ ቆሞ ሲጨርስ የሚያምረው ትኩስ ሻይ ነው፣ አለበለዚያም አረቄ። ጥብስ ቤቱ ሞልቶ በርገር? ለመሆኑስ ጨዋታው በየስንት ጊዜው ነው?

መንዜው ከዲሲ፦

የጠባሴው ልጅ፣ እንዴት ነህ? ቆሎ ተራ መጨረሻ ላይ የጠየቃት ጥያቄ ነገሩን ጨርሳዋለች። እኔ ትንሽ ላብራራልህ።

የተወለድኩት መሐል ሜዳ ነው፤ የተማርኩት ደብረ ብርሃን። አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። እዚህ ቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ ያለ በርገር ቤት ውስጥ ግሪል ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ። ስሙን ተወው። በቁምጣ ገብተህ፣ በእጅህ በልተህ፣ አፍህን በወረቀት ጠርገህ የምትወጣበት ዓይነት ቤት ነው። ያ ያስቀናህ ሰልፍ ከምድጃው በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

ስታዲየሙ ናሽናልስ ፓርክ ይባላል። የተከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ 41 ሺህ ገደማ ሰው ይይዛል። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። ብዙ ነው አይደል? ግማሹን ግን ሰው አገር ሄዶ ነው የሚጫወተው። በሜዳው የሚጫወተው 81 ነው። እሱም በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ገደማ ባለው ጊዜ የሚያልቅ ነው። አሁን አስላው። ከ365 ቀን 81 ሲነሣ 284 ይቀራል። በእነዚያ ቀናት የቤዝቦል ተመልካች የሚባል ነገር የለም። የቤት ኪራይ ግን አለ።

ጨዋታ ያለ ቀንስ? የማታው ጨዋታ 1 ሰዓት አካባቢ ነው የሚጀምረው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሰው በሩን ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ቀና ብለህ የሰው ፊት አታይም። የትእዛዝ ወረቀት ይመጣል፣ ሥጋ ትጥላለህ፣ ትገለብጣለህ፣ ወረቀት ይመጣል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ቤቱ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ካሸሯ ወንበር ስባ ትቀመጣለች።

ቤዝቦል ደግሞ እንደ እግር ኳስ በደቂቃ አያልቅም። ዘጠኝ ዙር ነው፤ እኩል ከሆኑ ይቀጥላሉ። መቼ እንደሚወጡ አታውቀውም። ሲወጡም ማታ ነው፣ ልጅ የያዘ አለ፣ ነገ ሥራ ያለበት አለ፣ አብዛኛው ወደ ባቡሩ ይሮጣል። አንተ «ሲወጣ ይበላል» ብለሃል። እኔ ያየሁት ግን ሰው የሚበላው ከመግባቱ በፊት ነው። ይህቺን ያዛት።

ዝናብም አለ። ሰማዩ ከከፋ ጨዋታው ይቋረጣል ወይ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ተድቦልቡሎ ትሪ ላይ የተደረደረው ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ይቀራል፣ የአለቃም ፊት ይጠቁራል። 2020ን ደግሞ ተመልከት። የሜዳው ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. «ወርልድ ሲሪስ» የሚሉትን የቤዝቦል ዋንጫ በልቶ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ዘንድሮ ነው መክበር» ሲል ኮሮና መጣ። ውድድሩ ወደ 60 ጨዋታ ወረደ፤ እሱም ያለ ተመልካች። ስታዲየም አጠገብ መሆን ማለት እንደዚህም ነው።

የእኛ አለቃ ታዲያ ስታዲየሙን ከሒሳቡ አውጥቶ ነበር የሚያስበው። ኪራዩን፣ ደሞዙን፣ መብራቱን የሚሸፍኑለት ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የሚመጡት የአካባቢው ሠራተኞች ናቸው። እነሱን ስማቸውን ያውቃል። ሽንኩርት የማይወደውን ያውቃል። ጨዋታ ሲኖር የሚመጣው ትርፍ ነው፤ ለዚያ ቀን ሜኑውን አራት ነገር ላይ ያሳጥረዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እናትህ የጠየቁህ ጥያቄ አንድ ቢዝነስ ፕላን ነው። አብረን እንቁጠር። ሁዳዴ 55 ቀን። ነነዌ 3። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። የገና ጾም ከኅዳር 15 እስከ በዓሉ ዋዜማ። የሰኔ ጾም አለ፤ ፋሲካ እንደገባበት ይረዝማል ያጥራል፣ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። እሱን «የቄስ ጾም ነው» ብሎ የሚያልፈው ሞልቷል፣ በዚህ ግን ሰሜን ሸዋ ላይ አትተማመን። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ብቻ ትንሽ ያስተነፍሱሃል። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል ይባላል። የዲሲው በርገር ቤት 284 ቀን ስታዲየም የለውም፤ የአንተ ደግሞ ግማሽ ዓመት ሥጋ አይኖረውም። ስለዚህ መጀመሪያ የጾም ምግብ ቤት ነህ። በርገሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኳሱን በተመለከተ፣ የአንተ ስታዲየም ሜዳው አይደለም። ዲኤስቲቪ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 38 ሳምንት ነው፤ አብዛኛው ጨዋታ ቅዳሜና እሁድ ነው። ከረጃጅሞቹ ጾሞች ውጭ ቅዳሜና እሁድ ፍስክ ነው። ይኸ ትልቅ ዕድል ነው። ሻምፒዮንስ ሊግ ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ ረቡዑን እርሳው፣ ማታም ስለሚመሽ ብርዱ ሰውን ከቤቱ አያስወጣውም። እንግዲህ ኳስ የሚያሳዩት ቤቶች ከአክስትህ ክፍል ምን ያህል ይርቃሉ? በእግር ሁለት ደቂቃ ከሆነ ሥራ አለህ። የጨዋታ ሰዓት ሳይደርስ በሩ ላይ ሽታው ይጠብቃቸው።

ሥጋውን በሚመለከት አንዲት ምክር ብቻ። አገር ቤት በርገር የበላ ሰው «ደረቀብኝ» ነው የሚለው። ምክንያቱ ቀይ ሥጋ ብቻ ስለሚፈጭ ነው። እዚህ ከመቶ 20 እጁ ጮማ ነው። ሲፈጭ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ከሞቀ ጮማው ይቀልጥና ይለጠፋል። ጨው ሥጋው ውስጥ አታሽ፣ ያጠነክረዋል። ድቡልቡል አድርገህ የጋለ ብረት ላይ ጣለው፣ አንዴ ብቻ በደንብ ተጫነው፣ ያኔ ጨው ነስንስበት፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ። ዳር ዳሩ እንደ ዳንቴል ቀጥኖ ቡናማ ሲሆን ፋቅ አድርገህ ገልብጠው። እስከ መሐሉ መብሰል አለበት፤ የሚመከረው 71 ዲግሪ ነው። ቁርጥ የለመደ ሰው ይስቅብህ ይሆናል። ቁርጥ ላይ ጀርሙ ቢኖር በአብዛኛው ከላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሲፈጭ ግን ከውስጥ ይደባለቃል።

እና ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ጮማ ያለው በርገር በዚያ አየር ውጭ ተቁሞ ከተበላ ከመጨረስህ በፊት ከንፈርህ ላይ ይረጋል። ዳቦውን አሙቀው፣ በወረቀት ጠቅልለህ ስጥ፣ ቢቻል ደግሞ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታ አብጅ። እስቲ ደግሞ የሉካንዳና የምግብ ቤት ሰዎች ይናገሩ።

ባለ ሉካንዳው፦

ዲሲ ያለው ወንድማችን ያለው ልክ ነው። የእኛ በሬ እንደነሱ አይደለም፣ ሥጋው ቀይ ነው። ጭቅናውን ለክትፎ ተወው፤ ውድ ነው፣ ለበርገርም አይሆንም። ወርችና ፍሪምባ ውሰድ፣ ሻኛ ጨምርበት። ሻኛው ነው ወዙን የሚሰጥህ። የጅሩ ሰንጋ ካገኘህ ሻኛውን ቀነስ አድርግ፣ እሱ ራሱ ወዝ አለው።

ማክሰኞና ሐሙስ በልክ ግዛ። ሐሙስ ማታ የተረፈህን የተፈጨ ሥጋ ለቅዳሜ ብለህ እንዳታሳድር። ብርድ ነው ብለህ ብርዱን አትመነው፣ ብርድ ፍሪጅ አይደለም። ሥጋውን ሳይፈጭ ውሰድና እዚያው ፍጨው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአንድ ሉካንዳ ጋር ተዋዋል። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ሰው የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው።

የካምፓስ በር፦

ልጄ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ምግብ ሸጬ ነው ልጆች ያሳደግሁ። በርገር አልሠራም። ጾም ግን አውቃለሁ።

የጾም በርገር እሠራለሁ ብለህ ሥጋ የጠበስክበት ብረት ላይ ብታደርገው ማንም አይበላልህም። አንድ ቀን አንዷ ታያለች፣ በነጋታው ዶርም ሙሉ ይሰማል። ብረቱን ለየው። ዘይቱን ለየው። መገልበጫውን ለየው። ጓዳ ውስጥም አትደብቀው፣ ሰው እያየው ፊት ለፊት አድርገው።

ዳቦውም አለ። ዳቦ ቤቱ ለበርገር ብሎ ወተትና እንቁላል የገባበት ለስላሳ ዳቦ ይሰጥሃል። ያ የፍስክ ነው። ለጾም በውኃና በዘይት ብቻ የተቦካ እዘዝ። ማዮኔዝ የምትሉት ነገር እንቁላል ነው፣ እሱም አይሆንም። በሱ ፈንታ አዋዜ በዘይት አድርግበት፣ ወይ ስናፍጭ።

ውስጡን ከባቄላ ወይ ከምስር አድርገው። እኔ ብሆን ባቄላውን ዘፍዝፌ፣ ልጬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በጥሬው ፈጭቼ ነው የምጠብሰው። ቀቅለህ ከፈጨኸው ሊጥ ይሆንብሃል፣ ብረቱ ላይም ይፈርሳል። ምስሩም እንደዚያው።

ሁዳዴ ላይ ጠዋት ተነሥተህ አትልፋ። የሚጾመው እስከ 9 ሰዓት ነው፣ ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ብረትህን አግል። በ9 ሰዓት የሚመጣ ሰው ርቦታል፣ ጥበቃ አይችልም። ሙስሊም ልጆችም ይመጡልሃል። የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ ብረቱ እንደተለየ ካዩ ግን የጾሙን ዓመቱን ሙሉ ይወስዱልሃል። ይኼን ስንቱ አያስበውም።

ድንቹን ልንገርህ። እኛ አገር ድንች መች ጠፍቶ! ግን ማታ ብርድ የሚገባበት ቦታ ካሳደርከው ይጣፍጥና ሲጠበስ ይጠቁርብሃል። ደንበኛው «ዘይቱ አርጅቷል» ይልሃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ በጆንያ ሸፍነህ ሞቅ ያለ ጥግ አስቀምጠው። ከትፈህ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ለውጥ፣ አድርቀህ ጥበስ። ቀድመህ የምትቀቅለው ከሆነ አትቸኩል። ደጋ ላይ ውኃው ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም።

ክረምት ተማሪው አገሩ ይገባል። ያን ጊዜ የሚይዝህ የከተማው ሰው ነው። አሁኑኑ ተላመደው።

የጠባሴው ልጅ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎት። ዳቦውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ጋሽ ባለ ሉካንዳ፣ ሻኛውን ነገ እሞክረዋለሁ።

ኳስ የሚያሳዩ ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንዱ ከአክስቴ ክፍል በግድግዳ ነው የሚለየው። ሌላው መንገዱን ተሻግሮ ነው።

መንዜው ጋሼ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምርብዎት። አንደኛ ግሪል ውድ ነው፣ በተሠራ ብረት ልጀምር? ሁለተኛ ሰው ሁሉ «ለፋሲካ ክፈተው» ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

ቆሎ ተራ፦

ግድግዳ ብቻ ከሆነ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሻይ ግን ይኑርህ። ካልሆነ አልመጣም።

መንዜው ከዲሲ፦

ቆሎ ተራን ስማው፣ ሻይ ይኑር። ዝንጅብል ያለበት።

ለፋሲካ አትክፈት። ሰው ሁሉ ቤቱ ዶሮና በግ አለው፤ በዚያ ሳምንት ገንዘብ ከፍሎ ሥጋ የሚበላ አታገኝም። እኔ ብሆን ሁዳዴ መሐል ላይ እከፍታለሁ። እንደገባ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ፣ ሽሮውና ምስሩ መሰልቸት ሲጀምር። የጾሙን በርገር ብቻ ይዘህ ጀምር። ወጪህ ያንሳል፣ ሥጋ አይበላሽብህም፣ እጅህም ይፍታታል። በ9 ሰዓት የመጣው ሰው ከወደደው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የፍስኩን ሊቀምስ ይመለሳል። ካልወደደውም በትንሽ ወጪ አወቅህ ማለት ነው። ለአክስትህም ይህንኑ ንገራቸው፤ እስከ ፋሲካ በኪራዩ ይታገሡህ።

ግሪል አትግዛ። ብየዳ ቤት ሂድና ጠፍጣፋ ወፍራም ብረት አስቆርጥ። ላሜራ እንዳይሰጡህ፤ ቀጭን ስለሆነ ቀዝቃዛ ሥጋ ስትጥልበት ወዲያው ይበርዳል፣ ይቀቅልብሃል እንጂ አይጠብስልህም። ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር አይነስ። ዝገቱን በደንብ አስጠርገው፣ ከዚያ ዘይት እየቀባህ ጭሱ እስኪያልቅ ደጋግመህ አቃጥለው። ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ አይዝም። መብራት ሲጠፋ እንዳትቆም በጋዝ አድርገው። ዳርና ዳሩን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ይበይድልህ፤ በአንዱ ጥግ ዘይቱ የሚወርድበት ቀዳዳ ይተውልህ፣ ከሥሩ ጣሳ ታደርጋለህ። ሁለት እዘዝ፤ የጾሙ ላይ እጀታውን የተለየ ቀለም አስቀባው።